ዘጠኝ ሰዓትን የጠበቀው ማሽን

የጨረር ሕክምና ክፍል ሥራ በጀመርኩበት ቀን መጀመሪያ ያየሁት በሩን ነው። ውፍረቱ የዳባቱን ቤታችንን ግድግዳ ያስንቃል፤ ሲዘጋም ቀስ ብሎ እያጉረመረመ ነው። የዚያን ጊዜ አለቃዬ የነበሩት አንጋፋ ባለሙያ በሩ ሥር አቁመው፣ «ከታካሚው በቀር ሰው ውስጥ ካለ ይህ በር አይዘጋም። ይህ በር ካልተዘጋ ደግሞ ማሽኑ አይነሳም። ሌላውን ቀስ ብለሽ ትማሪያለሽ» አሉኝ።

አዲስ አበባ ነበር፤ ማሽኑም ኮባልት የሚባለው አሮጌ ዓይነት። የመጀመሪያው ታካሚዬ የደባርቅ ሰው ሆነው ተገኙ። ጨረሩ የሚያርፍበትን ቦታ ለማወቅ ዳሌያቸው ላይ በቀለም የተሰመረው ምልክት ጠፍቷል። አለቃዬ ተቆጡ። «አባት፣ አይንኩት ብለን አልነበረም?» ሰውየው ግራ ገባቸው። «አልነካሁትም ጌታዬ። ጸበል ነው የገባሁት።»

አለቃዬ ሰውየው የሚያሾፉ መሰላቸው። እኔ ግን የሰሜን ልጅ ነኝና ገባኝ። እኛ አገር የታመመ ሰው ሐኪም ቤትም ይሄዳል፣ ጸበልም ይገባል፤ አንዱ ሌላውን ያበላሻል ብሎ የሚያስብ የለም። ይህንኑ ብነግራቸው «እንግዲያው ያገርሽን ሰዎች አንቺ ያዢልኝ» አሉ። ለቀልድ ያሉት ነገር የዕድሜ ልክ ሥራዬ ሆነ።

ከዓመታት በኋላ ወደ ሰሜን የቀረበ ሆስፒታል አዲስ ማሽን ሲያስገባ ተዛውሬ መጣሁ። የሆስፒታሉን ስም መጥራት አያስፈልግም። ማዕረጌ የጨረር ሕክምና ቴክኖሎጂስት ነው፤ ገበሬው ግን ነጭ ጋውን የለበሰችን ሴት ሁሉ ሲስተር ይላል። መጀመሪያ «ሲስተር አይደለሁም» እያልኩ አርም ነበር። ኋላ ሰለቸኝና ሲስተር ሆንኩ።

አብዛኞቹ ወንድ ታካሚዎቼ የፕሮስቴት ካንሰር የያዛቸው ናቸው። ፕሮስቴት ወንዶች ብቻ ያላቸው ዕጢ ነው። ከላዩ የሽንት ፊኛ፣ ከኋላው የሰገራ መውጫው አንጀት አለ። ችግሩ ሁሉ ከዚህ ጉርብትና ይመጣል፤ ዕጢውን በጨረር ስትመታ ጎረቤቶቹም ይነካሉ።

ሁለተኛው ችግር ወንዶቹ ራሳቸው ናቸው። የጫነ መኪና ይዞ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ሲወርድ የማይደነግጥ ሾፌር «ሽንትዎ እንዴት ነው?» ሲባል ጣራ ጣራ ያያል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ፤ እየተናገሩ ይደብቃሉ። አንዳንዱ ሚስቱን ልኮ ያስጠይቃል። እኔም ትዕግሥት ያንሰኛል፤ «ሽንት ኃጢአት አይደለም፣ ይናገሩ!» ብዬ የጮህኩበት ቀን ጥቂት አይደለም።

አሁን የምነግራችሁ ስለ መምሬ ተገኘ ነው። ከደባርቅ ወደ ደረስጌ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት የሚካኤል ደብር ቀዳሽ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው። የመጡት ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው። አብረዋቸው አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡት ደግሞ ሐጂ ሰይድ፣ የአምባ ጊዮርጊስ የእህል ነጋዴ፣ ከንግግር በቀር ምንም የማይቆጥቡ ሰው ናቸው። ይቅርታ፣ ተሳሳትኩ፤ ንግግርም አይቆጥቡም።

የክፍላችን ሐኪም በዕድሜ ታናሼ፣ በማዕረግ አለቃዬ ነው። ሁለቱንም አስገብቶ አማራጮቹን ሲያስረዳ እኔ ነበርኩ ወደ አገራችን ንግግር የምመልሰው። ሐጂ ቀደሙ። «ልጄ ከውጭ አገር ደውሎ የነገረኝ አለ። ከውስጥ የሚቀበር ጨረር አለ አሉ። እሱን ስጡኝ።»

«አለ» አለ ሐኪሙ። «እንደ ሩዝ ፍሬ ያለች ብረት ዕጢው ውስጥ ትቀበራለች፤ ጨረሩን እዚያው ትረጫለች። አንዴ ተቀብራ ያልቃል፤ በየቀኑ መመላለስ የለም። ግን ለፕሮስቴት እኛ ጋ አይሰጥም። የመጀመሪያዎቹን ወራትም ሽንት ላይ ትበረታለች፤ ያቃጥላል፣ ያጣድፋል፣ አንዳንዱንም አልወርድ ይለዋል። ሽንታቸው ድሮም እየተቋጠረ ለሚያስቸግራቸው እንደ እርስዎ ላሉ ሰዎች አልመክርም።»

ከውጭ የሚሰጠው ጨረር ደግሞ ሁለት ዓይነት አካሄድ አለው። አንዱ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተሰጠ ብዙ ሳምንት የሚፈጅ ነው። ሌላው በየቀኑ ከፍ ያለ መጠን ተሰጥቶ ቶሎ የሚያልቅ። አጭሩን የወሰደ ሰው መሐል ላይ ሆዱና ሽንቱ ትንሽ ሊብሱበት ይችላሉ፤ ከርሞ ግን ከረጅሙ ጋር የሚበላለጥ አይደለም። የትኛው ለማን እንደሚሆን የሚወስነው በሽታው የደረሰበት ደረጃ ነው። የሐጂ በጊዜ የተገኘ ስለነበር አጭሩ ተመረጠላቸው። የመምሬ ካንሰር ከዕጢው ሽፋን ወጥቶ ስለነበር ረጅሙ፣ ከዚያም ላይ የወንድ ሆርሞን የሚቀንስ መርፌ ታዘዘላቸው።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ መምሬ፣ ሐጂን በጎን እያዩ።

«እርስዎ ደግሞ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለው ይጽናኑ» አሉ ሐጂ። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ጠጋ ብለው፣ «ወንድነቴስ?» አሉ። እኔ መኖሬንም ረስተውት ነበር።

ሐኪሙ አልሸሸገም። ጨረሩ ቀስ እያለ፣ ከወራትና ከዓመታት በኋላ፣ ያደክመዋል፤ ያልነካው ሰውም አለ። መርፌው ደግሞ እስከሚቆም ድረስ ፍላጎትን ይቀንሳል፣ ድንገተኛ ሙቀትም ያመጣል። ሐጂ መርፌ እንዳልታዘዘላቸው ሲሰሙ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ወደ ኋላ ተደገፉ።

መምሬ ግን የጠየቁት ሌላ ነገር ነው። «ከነዚህ ሁሉ ቆሜ እንድቀድስ የሚያደርገኝ የትኛው ነው?» አሉ።

ሐኪሙ አልገባውም። «አቅም ማለትዎ ነው? ድካም ይኖራል፤ በኋላ ይለቃል።»

«አቅም አይደለም ልጄ። ቅዳሴ ከገባሁ ሳይፈጸም አልወጣም። ሽንቴ ካጣደፈኝ ወዴት እሄዳለሁ? ሳላውቀው ካመለጠኝ ደግሞ መቅደስ አልገባም። ልብሰ ተክህኖ ለብሶ፣ ሥጋ ወደሙ ፊት! ይህ ከሚሆን ዕጢው ይግደለኝ።»

መምሬ ያንኑ መልሰው አሉት፤ የሚቀልዱ አልነበሩም። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ «ሲስተር፣ ይህንን የትኛው መጽሐፍ ላይ ልፈልገው?» አለኝ። ከዚያ ለመምሬ መለሰላቸው። «ዕጢውን ቆርጦ የሚያወጣው ቀዶ ሕክምና መጀመሪያ ላይ ሽንት ያፈሳል። ጨረሩ ብዙ ጊዜ አያፈስም፤ ያጣድፋል እንጂ። ያንንም የሚያቀልልን ፊኛው ነው።»

ለወጣት ባልደረቦቼ ስለ ፊኛው ልናገር። ታካሚው ውሃ ጠጥቶ ፊኛው ሞልቶ ሲተኛ፣ ፊኛው እንደ ተነፋ ኳስ ወደ ላይ ይነሳል፤ አንጀቱንም ገፍቶ ከጨረሩ መንገድ ያወጣዋል። ብዙው የፊኛ ክፍልም ከጨረሩ ይርቃል። ባዶ ከሆነ ሁሉም ነገር ወደ ታች ወርዶ ጨረሩ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የእቅድ ምስል የሚነሳው ፊኛው ሞልቶ ነው፤ ከዚያ በኋላም በየቀኑ ያንኑ ያህል መሙላት አለበት።

የመምሬ የእቅድ ምስል የተነሳው ቅበላ ሳምንት ነበር። ውሃቸውን ጠጡ፣ ጠበቁ፣ ተነሡ። እንዲህ ያማረ ምስል ብዙ ጊዜ አላየሁም።

ሕክምናው ሲጀመር ሁዳዴ ገብቷል። የዚያ ዓመት ረመዳንም አብሮት ነበር። መምሬ በሰዓታቸው ረፋድ ላይ መጥተው ተኙ። አተኛኘታቸውን አስተካክዬ፣ በሩን ዘግቼ፣ መቆጣጠሪያው ክፍል ገብቼ የዕለቱን ምስል አነሣሁ። ፊኛው የለም ማለት ይቻላል። ባዶ ከረጢት ሆኖ ተኝቷል፤ አንጀቱ ከላዩ ወርዶ፣ ልንመታ ያሰብንበት ቦታ ገብቶ ቁጭ ብሏል።

በሩን ከፍቼ ገባሁ። «መምሬ፣ ውሃ አልጠጡም እንዴ?»

«ጠጥቻለሁ ልጄ።»

«መቼ?»

«ትናንት ማታ። ያላችሁኝን ሁሉ ጠጣሁ፤ እንዲያውም ትርፍ አድርጌ አንድ እንስራ ልጨርስ ምንም አልቀረኝ። ሌሊቱን ሙሉ ስወጣ ስገባ አደርኩ።» እንዲህ ሲሉ ትእዛዙን ከማንም አብልጠው የፈጸሙ ሰው ኩራት ፊታቸው ላይ ነበር።

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። እኛ አገር ጾም ሲገባ ቀድሞ መጥገብ፣ ቀድሞ መጠጣት የታወቀ ነው። መምሬም ፊኛን እንደ ጎተራ ቆጥረው ማታ ሞልተው ለቀን ሊያቆዩት ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ አይቀምሱማ።

ከአልጋው አወረድኳቸው። ያን ቀን ጨረር አልሰጠንም። በማግሥቱም ተመሳሳይ ሆነ። ሐኪሙ ጠራኝ፤ ተጨንቋል። «ባዶውን ብንሰጣቸው ያ የፈሩት ይደርስባቸዋል። በየቀኑ ብንመልሳቸው ደግሞ ሕክምናው ይቆራረጥና ካንሰሩ ይተርፋል። በሽተኛ አይጾምም በያቸው እንጂ፤ አንቺ የአገራቸው ሰው ነሽ።»

ሄጄ ነገርኳቸው። መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቤተ ክርስቲያን ለበሽተኛ ትፈቅዳለች፤ አውቃለሁ። እኔው ራሴ ለስንቱ ፈትቻለሁ። የንስሐ አባቴም ይፈቱኛል። ግን ልጄ፣ በዚህ ጾም አፌን በውሃ አርሼ አላውቅም። ምናልባት የመጨረሻዬ ሊሆን ይችላል፤ ሰብሬው ልሂድ?»

ብዙ ልናገር አስቤ ነበር፤ ተውኩት። ከዚያም ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩና ራሴን ሰደብኩ። ሰውየው ውሃ አልጠጣም አላሉም። ዘጠኝ ሰዓት እጠጣለሁ ነው ያሉት። እኛ ደግሞ ማሽኑን ዘጠኝ ሰዓት አንዘጋም!

ሐኪሙ ጋ ተመለስኩ። «ሰውየውን መቀየር ካልቻልን ሰዓቱን እንቀይር። ዘጠኝ ሰዓት ይጠጣሉ፣ አሥር ሰዓት ላይ ፊኛቸው ይሞላል፣ ይተኛሉ።»

«አሥር ሰዓት የመጨረሻው ታካሚ ነው። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ይጠፋል። የመጨረሻው ማን ነው?»

ሐጂ ሰይድ ነበሩ። ያን ሰዓት የመረጡት ሆን ብለው ነው። ጧት ጧት የገበያው ዋጋ የሚቆረጥበት ሰዓት ስለሆነ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ጤፍና ገብስ ይሸጣሉ፤ ከሰዓት ይታከማሉ። ጾሙን በተመለከተ «አላህ ለበሽተኛ አቅልሎለታል፤ ሲሻለኝ ቀኑን እከፍላለሁ» ብለው ውሃቸውን ይጠጣሉ። ግን ሰው እንዳያያቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር።

መጠበቂያው ውስጥ አግኝቼ ነገሩን አስረዳኋቸው። የመምሬን የረፋድ ሰዓት ወስደው የአሥር ሰዓቱን እንዲለቁላቸው ለመንኳቸው። ለአንድ ነጋዴ ጧቱን መጠየቅ ቀላል አይደለም፤ አውቄው ነው የጠየቅኩት። ሐጂ ስልካቸውን አዩ፤ ከዚያ ጥግ ላይ አንገታቸውን ደፍተው የተቀመጡትን መምሬን አዩ።

«ለእኔ አላህ አቅልሎልኛል» አሉ። «የእሳቸው ጌታ ግን ዘጠኝ ሰዓት ካለ፣ እኔ ምን ቤት ነኝ?» ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «መምሬ! ሰዓቴን ወስደዋል። ገብስ ቢረክስብኝ ከሰማይ ያስከፍሉልኛል!»

መምሬ ተነሥተው ቆሙ። «እግዜር ይስጥልኝ ሐጂ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራው ተስተካከለ። መምሬ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጸሎታቸውን አድርሰው፣ እኛ ግቢ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ውሃቸውን ይጠጣሉ። አሥር ሰዓት ላይ ይተኛሉ። የመጀመሪያውን ምስል ሳነሣ ፊኛው እንደ ቅበላው ሳምንት ሞልቶ፣ አንጀቱ ከመንገድ ወጥቶ ሳይ ብቻዬን እልል አልኩ። መቆጣጠሪያው ክፍል ድምፅ የማያወጣ መሆኑ በጀኝ።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረን። የጾም ምግብ ሽሮና ባቄላ ነው፤ ባቄላ ደግሞ ሆድ ይነፋል፤ የተነፋ አንጀት ዕጢውን ወደ ፊት ይገፋዋል። ባቄላና ሽምብራ ቀንሱ፣ ድንችና ሩዝ አብዙ ብዬ ሁለቱንም አዘዝኩ። ሐጂ «ጧቴን ወሰድሽ፤ አሁን ደግሞ ገበያዬን ልትዘጊ ነው» ብለው ጮሁ። ባቄላ የሚያቀርቡት እሳቸው ናቸዋ።

መቀለዱ ብቻ አይበቃም፤ ሕመሙንም መናገር አለብኝ። ሐጂ ቶሎ ጀመራቸው። ሽንታቸው አቃጠላቸው፣ ሆዳቸው ላላ። ቅዳሜ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ሲሄዱ ሚኒባሱን እየደጋገሙ «ወራጅ አለ!» ብለው አስቁመው፣ መንገድ ዳር ቆይተው ተመልሰው ሲገቡ ረዳቱ «አባባ፣ ይወርዳሉ ወይስ አይወርዱም?» ብሏቸዋል። ይህን ሲያወሩልን ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ አብረውን ሳቁ። ሕክምናቸው ካለቀ በኋላ ባሉት ሳምንታት ቀስ እያለ ለቀቃቸው።

መምሬ የጀመራቸው ዘግይቶ ነው። ድካም ከምንም በላይ ጎዳቸው፤ መርፌው የሚያመጣው ሙቀት ደግሞ ድንገት ላብ በላብ ያደርጋቸዋል። ሽንት ያጣድፋቸው ነበር፤ ግን ይደርሱበታል። አንድም ቀን አላመለጣቸውም። ይህንን በየሳምንቱ ሐኪሙ ሲጠይቃቸው ጣራ አያዩም፤ ፊት ለፊት ይመልሳሉ።

የመጨረሻው ቀን ሰሙነ ሕማማት ላይ ዋለ። ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው እውነቱን ነገራቸው፦ ውጤቱ የሚታወቀው በደም ምርመራ፣ በወራት ውስጥ ነው። ደም በሰገራ ከታየ ይምጡ፤ አንዳንዱ ላይ ከርሞ ይመጣል። መርፌው ይቀጥላል። መምሬ ሰምተው ሲያበቁ የጠየቁት ያንኑ ነው፦ «መቅደስስ?» ሐኪሙ «ሰውነትዎ ይነግርዎታል» አላቸው።

የክረምቱ ምርመራ ጥሩ ሆነ። የደሙ ቁጥር ወርዷል። ሽንቱ ረግቷል፤ ሌሊት አንድ ሁለቴ መነሣቱ ብቻ አልተዋቸውም። ግን ወደ ቅዳሴ መመለስ አለመመለሳቸውን ስጠይቅ «ማኅሌት ላይ እቆማለሁ፣ መቅደስ ገና ነው» ብለው አለፉኝ። ማኅሌት ላይ መውጣት ይቻላል። ፈርተዋል ማለት ነው።

ኅዳር ሚካኤል እየቀረበ ሲመጣ ሐጂ ሰይድ ደወሉልኝ። «መምሬ የበዓሉን ዕለት ይገባሉ አሉ። ሰምተሻል? እኔ የዚያን ቀን እህል አስጭናለሁ፣ አልደርስም። አንቺ ሂጂና ንገሪኝ።»

ከዳባት ተነሥቼ ሄድኩ። ገብሱ እየታጨደ ነበር፤ መንገዱ ነጠላ በለበሰ ሰው ተሞልቷል። ቤተ ክርስቲያኑ ስደርስ ቅዳሴ ገብቷል። ከሴቶቹ በኩል ቆምኩ። መምሬን ማየት አልችልም፤ ከመጋረጃው ወዲያ ናቸው። ድምፃቸውን ግን ለየሁት፤ የማይቸኩለው ድምፅ። ዜማው እየረዘመ በሄደ ቁጥር እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ሰው ሁሉ ይጸልያል፤ እኔ የሌላ ሰው ፊኛ እያሰብኩ ቆሜያለሁ። ሚካኤል ይቅር ይበለኝ።

ቅዳሴው ተፈጸመ። ከዚያም የታቦቱ መውጫ ደረሰ። ደወሉ ተደወለ፣ ጥላው ተዘረጋ፣ እልልታው ቀለጠ። ታቦቱን አክብሮ የሚወጣው ቄስ በቤተ ክርስቲያኑ በር ብቅ ሲል ሁሉም ሰገደ፤ እኔ ግን ለማየት ትንሽ ዘግይቼ ሰገድኩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ እርምጃው የማይቸኩል። መምሬ ተገኘ ነበሩ። ታቦቱን በራሳቸው ላይ ተሸክመዋል።

ያን ጊዜ ያለቀስኩትን ለቅሶ እናቴ ስትሞት አላለቀስኩትም። ጎኔ የነበረች ሴትዮ ስዕለት የሰመረልኝ መስሏት «እልል በይ እንጂ!» አለችኝ። እልል አልኩ፤ ድምፄ እስኪዘጋ።

ታቦቱ ዞሮ ሲገባ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። መምሬ ልብሰ ተክህኖአቸውን አውልቀው ወጡ። እጃቸውን ስሜ «እንዴት ዋሉ?» አልኳቸው።

«ቆሜ ገባሁ፣ ቆሜ ወጣሁ» አሉኝ።

ለሐጂ ደውዬ ይህንኑ ቃል ነገርኳቸው። ከስልኩ ወዲያ ኬሻ የሚጭኑትን ሰዎች ሥራ አስቁመው «አልሐምዱሊላህ! መምሬ ቆመው ወጡ!» እያሉ ሲጮሁ ሰማኋቸው።

እኛ ክፍል ለሚገቡ አዳዲስ ባለሙያዎች የጨረር ዓይነቶችን አስተምራለሁ። አጭሩን፣ ረጅሙን፣ ከውስጥ የሚቀበረውን፤ የትኛው ሽንት ላይ፣ የትኛው አንጀት ላይ እንደሚበረታ። ከዚያ በፊት ግን ታካሚውን ሲድን ተመልሶ ምን እንደሚሠራ እንዲጠይቁት አደርጋለሁ። ያንን ሳያውቁ የትኛው ሕክምና እንደሚሻለው ማወቅ አይቻልም።